ግጥሙን ከተማሪው በፊት አትፍቱበት፦ የሃይስኩል እንግሊዝኛ ሥነ ጽሑፍ ሌሰን ፕላን አወጣጥ

ብዙዎቻችን ግጥም የምናስተምርበት መንገድ አንድ አይነት ነው። እንገባለን፣ የገጣሚውን ስምና የተወለደበትን ዓመት ቦርድ ላይ እንጽፋለን፣ ግጥሙን አንዴ እናነበዋለን፣ ከዛ መስመር በመስመር "እዚህ ጋር እንዲህ ለማለት ፈልጎ ነው" እያልን እንተረጉማለን፣ ልጆቹ ኖት ይይዛሉ፣ ደወል ይደወላል በቃ። እኔም ለዓመታት እንደዛ ነው ያስተማርኩት፣ ፈተና ላይም ያልኩትን ቃል በቃል ይመልሱልኝ ስለነበር ጥሩ አስተማሪ የሆንኩ ይመስለኝ ነበር። አንድ ጊዜ ግን ክላስ ውስጥ አይተነው የማናውቀውን አጭር ግጥም ፈተና ላይ አወጣሁና አብዛኛው ልጅ ቦታውን ባዶ ትቶት መለሰልኝ። ቃላቶቹ ቀላል ናቸው፣ ግጥሙ ስምንት መስመር ነው፣ ግን የሚነግራቸው ሰው ስለሌለ ከየት እንደሚጀምሩ አላወቁም። ለካ ዓመቱን ሙሉ ሲማሩ የከረሙት የኔን ትርጉም መሸምደድ ነው።

ከዛ ወዲህ ሌሰን ፕላን ሳወጣ አንድ ነገር ላይ ቆርጫለሁ፣ ተማሪው ግጥሙን በራሱ ሳይነካካው እኔ አልፈታውም። ከዚህ በታች የምጽፈው ሁሉ ከዚች አንድ ሀሳብ የወጣ ነው።

ፕላኑ የሚጀምረው ከጥያቄ ነው። ወረቀቱ አናት ላይ ዓላማ ምናምን ከመሙላታችሁ በፊት ግጥሙን ለብቻችሁ ሁለት ሦስት ጊዜ አንብቡትና እናንተን ራሳችሁን ያስቸገራችሁን ወይ ያስገረማችሁን ቦታ ፈልጉ፣ እሱ ነው የክፍለ ጊዜው ጥያቄ። አንድ ክፍለ ጊዜ፣ አንድ ግጥም፣ አንድ ጥያቄ፣ ከዛ በላይ አትጫኑበት። ጥሩ ጥያቄ መሆኑን የምታውቁት ሦስት ልጆች ሦስት የተለያየ መልስ ሰጥተው ሦስቱም ግጥሙ ውስጥ ያለ ቃል እያሳዩ መከራከር ከቻሉ ነው። "የግጥሙ ጭብጥ ምንድነው?" የሚለውን በተለይ መጀመሪያ ላይ አትጠይቁ፣ ምክንያቱም ልጁ ወዲያው "ፍቅር" "ሞት" "ተፈጥሮ" ብሎ ይገላገላል። ከሱ ይልቅ "ተናጋሪው ለማን ነው የሚያወራው?" ወይም "የትኛው መስመር ላይ ነው ሀሳቡ የዞረው?" በሉ። ለምሳሌ ሶኔት የሚባለው የግጥም ዓይነት 14 መስመር ነው፣ ብዙ ጊዜም ውስጡ ሀሳቡ የሚታጠፍበት ቦታ አለው፣ ስለ ሶኔት አሰራር ሌክቸር ከመስጠት "የሚታጠፍበትን ቦታ ፈልጋችሁ መስመር አስምሩበት" ማለት በቂ ነው። ግማሹ አንድ ቦታ ያሰምራል ግማሹ ሌላ ቦታ፣ ክርክሩ በራሱ ይነሳል።

አሁን አንድ ሙሉ ክፍለ ጊዜ ላሳያችሁ። የዊልያም ካርሎስ ዊልያምስ "ዘ ሬድ ዊልባሮው" እ.ኤ.አ በ1923 የታተመ ግጥም ነው፣ ሙሉው 16 ቃል ብቻ ነው፣ አዎ 16 ቃል፣ አንድ ዓረፍተ ነገር። ዝናብ ያራሰው ቀይ የእጅ ጋሪ ነጫጭ ዶሮዎች አጠገብ ቆሟል፣ ብዙ ነገር ደግሞ እሱ ላይ ተመስርቷል ይላል፣ አለቀ። እንግሊዝኛው የሚከብደው ልጅ እንኳን ምናልባት "ግሌዝድ" የምትለዋን ቃል ብቻ ነው የሚጠይቃችሁ። እኔ የማደርገው እንዲህ ነው፣ ርዕስም ስምም ሳልጽፍ 16ቱን ቃል ልክ እንደ ተራ ዓረፍተ ነገር በአንድ መስመር ቦርድ ላይ እጽፈዋለሁና "ይሄ ግጥም ነው?" እላለሁ። አይደለም ይላሉ፣ ሁሌም አይደለም ነው የሚሉት። ከዛ ሁለት ሁለት ሆነው ወደ መስመር እንዲሰባብሩት እሰጣቸዋለሁ፣ ቃል መጨመርም መቀነስም አይቻልም፣ ግን ለእያንዳንዱ የሰበሩበት ቦታ ምክንያት ማቅረብ አለባቸው። አስር ደቂቃ ይበቃል። ሦስት አራት ግሩፕ መጥቶ የራሱን ቦርድ ላይ ይጽፋል፣ እዚህ ጋ እኔ ዝም ነው የምለው፣ ተከራካሪዎቹ እነሱ ናቸው። በመጨረሻ ገጣሚው የጻፈበትን አወጣላቸውና ቃል ቁጠሩ እላለሁ። አራት ስታንዛ (የግጥም አንጓ) ነው፣ በእያንዳንዱ ስታንዛ የመጀመሪያው መስመር ሦስት ቃል፣ ሁለተኛው አንድ ቃል። ይሄንን ራሳቸው ቆጥረው ሲደርሱበት ክፍሉ ውስጥ የሚነሳውን ድምጽ ብትሰሙት! "ዊልባሮው" የሚለውን አንድ ቃል ደግሞ ለሁለት ቆርጦ "ዊል" አንዱ መስመር ጫፍ ላይ፣ "ባሮው" ታች ብቻውን አስቀምጦታል። ለምን ብዬ ጠየቅኩ፣ ከኋላ የምትቀመጥ ብዙም የማትናገር ልጅ "ቲቸር፣ እዛ ጋ ቆም ስል መጀመሪያ ጎማው ብቻ ነው የሚታየኝ፣ ጋሪው ቀጥሎ ነው የሚመጣው" አለችኝ። የመስመር አሰባበር ለምን እንደሚጠቅም እኔ በአንድ ሰዓት ሌክቸር እንደሷ አላስረዳም።

ሌላው የምወደው ዘዴ አንድ ቃል ደብቆ ማስገመት ነው። እዚህ ላይ የዊልፍሬድ ኦወን ግጥም በጣም ይረዳል፣ አንደኛው የዓለም ጦርነት ላይ ወታደር ነበር፣ እ.ኤ.አ በ1917 ሆስፒታል ተኝቶ ሳለ የጻፈውን ሶኔት እዛው ታካሚ ለነበረው ለገጣሚው ሲግፍሪድ ሳሱን አሳይቶት፣ ሳሱንም እርማት ሰጥቶታል። ቦርድ ላይ "ኤንተም ፎር" ብላችሁ ባዶ ቦታ ትታችሁ "ዩዝ" በሉና ምን ቃል ይግባ ብላችሁ ጠይቁ፣ "ብሬቭ" ይላሉ፣ "ሎስት" ይላሉ፣ "ዴድ" ይላሉ። ከዛ ንገሯቸው፣ ኦወን በረቂቁ ላይ "ዴድ" ነበር ያለው፣ ሳሱን ነው "ዱምድ" (ጥፋት የተፈረደበት) ይሁን ያለው። አሁን ጥያቄው ምን ተቀየረ የሚለው ነው። ጊዜ ስጧቸው። አንድ ልጅ "ዴድ ካለ አልቋል፣ ዱምድ ካለ ግን ገና በህይወት አሉ፣ ሞታቸውን ሌላ ሰው ወስኖላቸዋል" ብሎ መለሰ፣ ሌላኛው ደግሞ ተቀብሎት "እና ሊደረስላቸው ይቻል ነበር ማለት ነዋ" አለ። ግጥሙን ማንበብ የጀመርነው ከዚህ በኋላ ነው፣ ያው ስለ አንድ ቃል ሃያ ደቂቃ የተከራከረ ልጅ የቀረውን ግጥም ዝም ብሎ አያልፈውም። የገጣሚውን ታሪክም እዚህ ነው የማመጣው፣ መጨረሻ ላይ። ኦወን የሞተው ኖቬምበር 4 ቀን 1918 ነው፣ ጦርነቱ ሊቆም አንድ ሳምንት ሲቀረው፣ ዕድሜው 25 ነበር። ይሄንን መጀመሪያ ላይ ብትነግሯቸው ቀን ነው፣ ይሸመድዱታል፣ በስተመጨረሻ ስትነግሯቸው ግን ክፍሉ ጭጭ ይላል።

የንባቡ ነገር። ግጥም በአንድ ክፍለ ጊዜ ቢያንስ ሁለት ጊዜ በድምጽ ይነበብ፣ በሁለት የተለያየ ሰው። የመጀመሪያውን እናንተ አንብቡ፣ ከቤት ተለማምዳችሁ፣ እውነቴን ነው አስተማሪ ሳይለማመድ ሲያነብ ግጥሙ እዛው ነው የሚሞተው። መስመር ባለቀ ቁጥር አትቁሙ፣ ነጥብና ኮማ ባለበት ቁሙ። ሁለተኛውን ቀድሞ የተነገረው ተማሪ ያንብብ፣ በድንገት አስነስታችሁ አታስነብቡ፣ እንግሊዝኛው የሚያስፈራው ልጅ ላይ ያ ቅጣት ነው። በሁለቱ ንባብ መሃል ሦስት ደቂቃ ዝምታ ይኑር፣ እርሳስ ይዘው የሳባቸውን ቃል ያክብቡ፣ ያልገባቸው ቦታ ጥያቄ ምልክት ያድርጉ።

ስለ ዝምታ ካነሳን፣ ሜሪ በድ ሮው የምትባል ተመራማሪ እ.ኤ.አ በ1970ዎቹ ባወጣችው ጥናት አስተማሪዎች ጥያቄ ጠይቀው መልስ የሚጠብቁት በአማካይ አንድ ሰከንድ አካባቢ ነው፣ ወደ ሦስት ሰከንድና ከዛ በላይ ሲያራዝሙት ግን የልጆቹ መልስ ረዘም ይላል፣ የሚመልሱት ልጆችም ይበዛሉ። እሷ ያጠናችው ሳይንስ ክፍል ውስጥ ነው ግን ለግጥም ደግሞ ይብሳል፣ በሌላ ቋንቋ አስቦ መመለስ ላለበት ልጅ እንኳን ሦስት አስርም ሰከንድ አይበዛበትም። እኔ በልቤ እስከ አስር እቆጥራለሁ፣ መጀመሪያ ላይ ያስጨንቃል፣ ትለምዱታላችሁ።

ልጁ ከግጥሙ ጋር የማይገናኝ መልስ ሲሰጥ ምን ይደረግ የሚለው ብዙ አስተማሪ የሚፈራው ነገር ነው። "ትክክል አይደለም" ብላችሁ ከዘጋችሁት ሁለተኛ እጅ አያወጣም፣ "ሁሉም መልስ ልክ ነው" ካላችሁ ደግሞ ማንም ጽሑፉን አያይም። መሃሉ ላይ አንድ ጥያቄ አለች፣ "የትኛው ቃል ነው እንደዛ ያስባለህ?" ያቺን ብቻ በሉ። ልጁ ወይ ቃሉን ያሳያል ወይ ራሱ ሲያየው ሀሳቡን ያስተካክላል። የሮበርት ፍሮስትን "ዘ ሮድ ኖት ቴከን" ካስተማራችሁ ይሄ ይገባችኋል፣ ሁሉም ልጅ ሰውየው ሰው ያልሄደበትን መንገድ መርጦ ህይወቱ ተቀየረ ብሎ ነው የሚመጣው፣ ግጥሙ ራሱ ግን መሃል ላይ ሁለቱም መንገዶች እኩል ተረግጠዋል ማለት ይቻላል ይላል። ያንን መስመር አታሳዩዋቸው፣ ፈልጉ በሏቸው። ሲያገኙት ታዲያ ሰውየው መጨረሻ ላይ ለምን እንደዛ እንደሚያወራ ራሳቸው መጠየቅ ይጀምራሉ፣ ሰሙን አልፈው ወርቁን መፈለግ ማለት ይሄ ነው።

ቃላትን በተመለከተ አጭር ነገር፣ አርባ ቃል ከነፍቺው ቦርድ ላይ አትደርድሩ። አራት ወይ አምስት፣ ካላወቋቸው ግጥሙ ጨርሶ የማይገባቸውን ብቻ ቀድማችሁ ስጡ፣ የቀረውን ከአውዱ ይገምቱ። ሁለት ሁለት ሆነው ሲወያዩ ደግሞ በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው ቢያወሩ አትቆጡ፣ ሀሳቡ ይምጣ እንጂ፣ ሲጽፉና ለክፍሉ ሲናገሩ ወደ እንግሊዝኛ ይመጣል።

ተውኔት ላይ ስትደርሱ ወንበር ላይ ተቀምጦ በየተራ ማንበብ ይቅር። ሙሉ ትዕይንት አያስፈልግም፣ ከሼክስፒር ማክቤዝ አንደኛው ገቢር ሰባተኛው ትዕይንት ሁለት ቃል ብቻ ውሰዱ። ማክቤዝ ንጉሡን ለመግደል ያሰቡት ባይሳካልንስ ብሎ ሲጠይቃት ሚስቱ "ዊ ፌል" (አይሳካልንም) ትለዋለች። እ.ኤ.አ በ1623 የታተመው ፎሊዮ (የሼክስፒር ተውኔቶች የተሰበሰቡበት መጽሐፍ) ላይ ጥያቄ ምልክት አለው፣ ከዛ በኋላ የመጡ እትሞች ግን አንዳንዱ ቃለ አጋኖ፣ አንዳንዱ ነጥብ አድርጎበታል። ሦስት ልጆች አስነሱና አንዷ በጥያቄ፣ አንዷ በንቀት፣ አንዷ ቀዝቀዝ ብላ "ካልተሳካ አልተሳካም" በሚል ድምጽ ትበለው፣ ክፍሉ ደግሞ የትኛዋ ሌዲ ማክቤዝ ባሏን ግድያ ውስጥ ልታስገባ እንደምትችል ይምረጥ፣ ምክንያቱንም ከትዕይንቱ ያምጣ። ሁለት ቃልና አንድ ሥርዓተ ነጥብ ገጸ ባህሪን እንዴት እንደሚቀይር በዓይናቸው ያያሉ።

ልቦለድ ላይ ዋናው ችግር ርዝመቱ ነው። ሁሉንም ምዕራፍ ክላስ ውስጥ ለማንበብ አትሞክሩ፣ አያልቅም፣ ካለቀም ማንም ነቅቶ አይጠብቃችሁም። ከመጽሐፉ ስድስት ሰባት ትዕይንት ምረጡ፣ አንድ ሰው ውሳኔ የሚወስንበት ወይ የሚዋሽበት ቦታ ቢሆን ይመረጣል፣ እነሱን በደንብ እዩ፣ በመሃል ያለውን ልጆቹ ቤት ያንብቡት። ትዕይንቱን ደግሞ ውሳኔው ከመወሰኑ አንድ ገጽ በፊት አቁሙት፣ "ምን ያደርጋል? ከየትኛው ዓረፍተ ነገር አወቃችሁ?" ብላችሁ መጽሐፉን አስዘጉ። ቤት ሄደው እንዲያነቡ የማደርግበት ከዚህ የተሻለ መንገድ እስካሁን አላገኘሁም።

ሰዓቱን በተመለከተ ክፍለ ጊዜው 40 ደቂቃ ከሆነ የኔ ድርሻ ከአስር ደቂቃ እንዳይበልጥ አድርጌ ነው የማቅደው፣ እሱም ንባቡን ጨምሮ ነው። የመጨረሻዎቹን ሰባት ስምንት ደቂቃ ለማንም አሳልፋችሁ አትስጡ፣ ውይይቱ ቢሞቅም አቁሙትና ብጣሽ ወረቀት ላይ ሁለት ሦስት ዓረፍተ ነገር ይጻፉ፣ ጥያቄዋም "ገጣሚው አንድ ቃል አስወጣ ቢባል የትኛው እንዳይወጣ ትከራከራለህ፣ ለምን?" የምትል ናት። ሰዋስው አላርምም፣ በዛች ወረቀት ላይ ቀይ እስክሪብቶ አይነካም። ማታ ሁሉንም አነባቸዋለሁና አንዷን መርጬ፣ የጻፈውን ልጅ ፈቃድ ጠይቄ፣ የሚቀጥለውን ክፍለ ጊዜ እሷን በማንበብ እጀምራለሁ። መጀመሪያ የመረጥኳት ወረቀት እንግሊዝኛዋ የተሰባበረ ነበር፣ ግን ልጁ በ"ዘ ሬድ ዊልባሮው" ውስጥ ስላለችው "አፖን" (ላይ) የምትል ቃል ነበር የጻፈው፣ ብቻዋን መስመር ላይ ቆማ የታችኛውን ሁሉ ተሸክማለች ብሎ።