የተደባለቀ ፍሬ ያለበት ፍሉዳይዝድ ቤድ ምን ያህል እንደሚያብጥና እንደሚዋዥቅ እንዴት እንለካ?

አሸዋ ባለበት ቱቦ ከታች አየር ስትለቁ መጀመሪያ ምንም አይታይም። አየሩ በአሸዋው ፍሬዎች መሀል ሹልክ እያለ ያልፋል። ፍጥነቱን ስትጨምሩ ግን አሸዋው ይላላል፣ እንደ ውሃ ይፈላል፣ ያብጣል። ፍሉዳይዝድ ቤድ የሚባለው ይሄ ነው። ደቃቅና ትልልቅ ፍሬ ሲቀላቀል ብዙ ሰው የተሳሳተ ቁጥር ይዞ ይወጣል፣ ስለዚህ እኔ የምከተለውን መንገድ ልንገራችሁ።

መጀመሪያ አማካይ መጠኑን በትክክል አስሉ። ድብልቁን በወንፊት ለዩና መዝኑ። በክብደት ግማሹ 0.2፣ ግማሹ 0.6 ሚሊሜትር ቢሆን አማካዩ 0.4 ነው እንዳትሉ። እያንዳንዱን የክብደት ድርሻ ለመጠኑ አካፍሉ፣ ደምሩ፣ ከዛ 1ን ለድምሩ አካፍሉ፤ 0.3 ይመጣል። ልዩነቱ ትንሽ ይመስላል፤ ግን ፍሬው ደቃቅ ሲሆን የሚያንሳፍፈው ፍጥነት ከመጠኑ ስኩዌር ጋር አብሮ ስለሚያድግ፣ በ0.4 ያሰላ ሰው ፍጥነቱን ወደ 1.8 እጥፍ ያጋንነዋል።

አሁን አየሩን ክፈቱና ክምሩን በደንብ አፍሉት። ከዛ ፍጥነቱን ቀስ በቀስ እየቀነሳችሁ ከክምሩ በታችና በላይ ያለውን የግፊት ልዩነት ለኩ። እየጨመሩ መለካት አልመክርም፤ ተጠቅጥቆ የቆየ ክምር ለመላቀቅ ተጨማሪ ግፊት ስለሚፈልግ የፍጥነትና የግፊት ግራፉ ላይ አሳሳች ጉብታ ይወጣል። ሁሉም ሲንሳፈፍ የግፊት ልዩነቱ የክምሩ ክብደት ለቱቦው ወለል ስፋት ሲካፈል ከሚመጣው ጋር መግጠም አለበት። በኪዩቢክ ሜትር 1500 ኪሎ የሚመዝን አሸዋ 20 ሴንቲሜትር ከተከመረ ማኖሜትሩ (የግፊት መለኪያው) 30 ሴንቲሜትር ውሃ ገደማ ያሳያል። (ክምሩ የተቀመጠበት፣ አየር የሚያሳልፈው ቀዳዳ ሳህን ባዶውን ብቻውን የሚፈጥረውን ግፊት መቀነስ እንዳትረሱ።) በጣም ካነሰ ወይ ከፊሉ አልተነሳም፣ ወይ አየሩ በአንድ በኩል መንገድ አበጅቶ እያመለጠ ነው።

ድብልቅ ላይ አንድ ጥርት ያለ መነሻ ነጥብ አትፈልጉ። ደቃቁ ይቀድማል፣ ትልቁ ይከተላል። መንሳፈፉ የጀመረበትንም የተጠናቀቀበትንም ፍጥነት መዝግቡ።

ለቁመቱ ቱቦው ላይ ማስመሪያ ለጥፉና በየፍጥነቱ አንድ ደቂቃ በስልክ ቅረጹ። ዓይን ብቻውን አይበቃም። ሲቆም 20 ሴንቲሜትር የነበረው ክምር እስከ 31 ወጥቶ እስከ 25 ቢወርድ፣ አማካዩ 28 ስለሆነ የማበጥ ሬሾው 1.4 ነው። የመዋዠቅ ሬሾው ደግሞ 31 ለ25፣ ማለትም 1.24። ሁለቱን ለየብቻ ያዙ፣ አንዱ በሌላው አይተካም። ከ0.045 ሚሊሜትር ያነሰ ደቃቅ ሲጨመር ብዙ ጊዜ አረፋው ያንስና መዋዠቁ ይረጋጋል፤ ከ0.02 በታች የሆነው ሲበዛ ግን ፍሬው እርስ በርስ ይጣበቅና ሥራው ይበላሻል። አረፋው ቱቦውን ሞልቶ ክምሩን እንደ ፒስተን ሽቅብ ሲገፋው ካያችሁ ደግሞ የምትለኩት የጠባቡን ቱቦ ጠባይ ነው። ሰፋ ያለ ቱቦ ፈልጉ፣ ወይም ክምሩን አሳጥሩ።

በጣም የምጨነቅበት ነገር መለያየት ነው። በዝቅተኛ ፍጥነት ትልቁና ከባዱ ፍሬ ይዘቅጣል፣ ቀላሉ ላይ ይንሳፈፋል፣ ከውጭ ሲታይ ግን ሁሉም ነገር ደህና ይመስላል። ስለዚህ አየሩን ድንገት ዝጉና ክምሩን ከላይ ጀምራችሁ ሽፋን በሽፋን አውጥታችሁ በወንፊት ንፉት። የላይኛውና የታችኛው ሽፋን በፍሬ መጠን በጣም ከተለያዩ የለካችሁት ቁመት የአንድ ድብልቅ አይደለም፤ ፍጥነቱን ጨምራችሁ እንደገና ለኩ።