ትንሽ ቤተ መዛግብት የድምፅ ቅጂዎቹን ለማዳን ድጋፍ የሚያገኘው እንዴት ነው?

ለዓመታት ሳይነካ የቆየ ካሴት ከሳጥኑ ሲወጣ፣ ክሩን ከማጫወቻው ሄድ (ድምፁን ከክሩ ከሚያነበው ክፍል) ጋር የምታገናኘው ትንሿ ስፖንጅ ሙጫዋ ለቆ ወድቃ ልትገኝ ትችላለች። የቆየ የሪል ቴፕ ቆርቆሮ ሲከፈት ደግሞ አንዳንድ ጊዜ የኮምጣጤ ሽታ አፍንጫ ይመታል፤ ይህም ክሩ የተሠራበት አሴቴት መበላሸት መጀመሩን የሚያሳይ ምልክት ነው። ማጫወቻዎቹም ቢሆኑ እየጠፉ ናቸው፤ ለምሳሌ ሶኒ እ.ኤ.አ. በ1987 ለገበያ ያቀረበውን የዳት ቴፕ (ድምፅን በዲጂታል መልክ የሚይዝ ትንሽ ካሴት) ማጫወቻ በ2005 ማምረት አቁሟል። ስለዚህ ድጋፍ የመፈለጉ ሥራ በጀት እስኪገኝ ድረስ የሚቆይ አይደለም፤ ደግነቱ የመጀመሪያዎቹ እርምጃዎች የሚጠይቁት ከገንዘብ ይልቅ ትዕግሥት ነው።

ከሁሉ በፊት ያለዎትን ይቁጠሩ። በአንድ ሠንጠረዥ ላይ የእያንዳንዱን ቅጂ ዓይነት (ካሴት፣ ሪል ቴፕ፣ ሸክላ፣ ዳት)፣ ርዝመቱን፣ የተቀዳበትን ዘመን፣ በላዩ የተጻፈውን፣ በዓይንና በሽታ የሚታወቀውን ጉዳት፣ እንዲሁም ሌላ ቅጂ በሌላ ቦታ መኖር አለመኖሩን ይመዝግቡ። በዚህ ደረጃ ምንም ነገር ማጫወት አያስፈልግም፤ እንዲያውም ደካማ ክር በችኮላ ቢጫወት ያ የመጨረሻው ሊሆን ይችላል። በሽፋኑ ላይ በእርሳስ የተጻፈች አንዲት ስም ወይም ቀን ከውስጡ ድምፅ ቀድማ ልትጠፋ ስለምትችል፣ የሽፋኖቹን ፎቶ ማንሳትም ከቆጠራው ጋር አብሮ ቢሠራ መልካም ነው። በመጨረሻም ቅድሚያ ይስጡ፦ በዓለም ላይ ብቸኛ የሆነውና በፍጥነት እየተበላሸ ያለው ይቀድማል፤ በፋብሪካ ታትሞ በሌሎች ዘንድ የሚገኘው ሸክላ ይቆያል።

ቀጥሎ ቁጥሩን ወደ ሥራና ወደ ወጪ ይለውጡ። በእኔ እምነት ማመልከቻን ከሌሎች የሚለየው ይህ ስሌት ነው። 60 ደቂቃ የሚፈጁ 300 ካሴቶች አሉ እንበል። ዝግጅቱ፣ ቅጂው፣ ምርመራና ምዝገባው ሲደመር ለአንድ ሰዓት ድምፅ ሦስት የሥራ ሰዓት ቢያዝ፣ ሥራው 900 ሰዓት ይጠይቃል። በዘርፉ የሚመከረው ጥራት 24 ቢትና 96 ኪሎኸርዝ ሲሆን፣ በዚህ ልክ አንድ ሰዓት ስቴሪዮ ድምፅ ወደ 2 ጊጋባይት ይይዛል፤ 300 ሰዓቱ 600 ጊጋባይት ይሆናል፤ በተለያየ ቦታ ሦስት ቅጂ ሲቀመጥ ደግሞ 1.8 ቴራባይት ይደርሳል። የፋይሉ ዓይነት ያልተጨመቀው ብሮድካስት ዌቭ ይሁን፤ ኤምፒ3 ለአድማጭ ማቅረቢያ እንጂ ለማቆያ አይሆንም።

ዕውቀቱን በነፃ ማግኘት ይቻላል። እ.ኤ.አ. በ1969 የተመሠረተው ዓለም አቀፉ የድምፅና የኦዲዮቪዥዋል ቤተ መዛግብት ማኅበር፣ በምህፃረ ቃል ያሳ (IASA)፣ የሙያ መመሪያዎቹን በድረ ገጹ ላይ ያለ ክፍያ አኑሯል፤ ቲሲ 04 የተባለው ስለ ዲጂታል ቅጂ አሠራር፣ ቲሲ 05 ደግሞ ስለ አያያዝና አቀማመጥ ያስረዳል። መመሪያዎቹ ለጀማሪ ከበድ ስለሚሉ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ለማንበብ ከመታገል ይልቅ፣ በቆጠራዎ ውስጥ የሚበዛውን የቅጂ ዓይነት የሚመለከተውን ክፍል ብቻ ቢያጠኑ ይጠቅማል። ከሶፍትዌር በኩል ድምፅ ለመቅዳት ኦዳሲቲ፣ በፋይሉ ውስጥ መረጃ ለመመዝገብ ደግሞ ቢደብልዩኤፍ ሜታኤዲት በነፃ ይገኛሉ።

ገንዘብ ሲፈልጉ መጀመሪያ የሚያዩት ለጋሹ ምን ዓይነት መዛግብትን እንደሚደግፍ ይሁን። በብሪቲሽ ላይብረሪ ሥር እ.ኤ.አ. በ2004 የተጀመረው ኢንዴንጀርድ አርካይቭስ ፕሮግራም ለአደጋ የተጋለጡ መዛግብትን በዲጂታል መልክ ለማስቀረት ይደግፋል፤ ዋናዎቹ ቅጂዎችም ከአገራቸው አይወጡም። በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ሎስ አንጀለስ ቤተ መጻሕፍት የሚመራው ሞደርን ኢንዴንጀርድ አርካይቭስ ፕሮግራም የ20ኛውንና የ21ኛውን ክፍለ ዘመን መዛግብት ስለሚመለከት ለካሴትና ለሪል ቴፕ ይበልጥ ይቀርባል። ሁለቱም ውጤቱ ለሕዝብ ክፍት እንዲሆን ስለሚፈልጉ፣ የተናጋሪዎቹንና የዘማሪዎቹን ፈቃድ ጉዳይ ማመልከቻው ከመጻፉ በፊት መፍታት ይገባል፤ ቤተሰብ ወይም ማኅበረሰብ እንዳይሰማ የሚፈልገው ቅጂ ካለ ይህንን ማክበር ግዴታ ነው። የጥሪው ጊዜና መስፈርቱ ስለሚለዋወጡ የወቅቱን ማስታወቂያ ያንብቡ።

ድጋፍ ሲባል ገንዘብ ብቻ አይደለም። የሬዲዮ ጣቢያ መጋዘን ውስጥ አሁንም የሚሠራ የሪል ማጫወቻ ሊኖር ይችላል፤ ዩኒቨርሲቲ ስቱዲዮውን በዕረፍት ወራት ሊያውስ ይችላል፤ ሄድ ማስተካከልና ቀበቶ መቀየር የሚያውቅ ጡረታ የወጣ ቴክኒሻን ደግሞ፣ ሄዶ የሚጠይቀው ካገኘ፣ በገንዘብ የማይገኝ ሀብት ነው። እንዲህ ያለውን ሰው ዛሬ ይፈልጉት፤ ዕውቀቱም እንደ ማጫወቻው እያለቀ ነውና። ሥራውን ለድርጅት ለመስጠት ካሰቡ ግን መጀመሪያ እምብዛም የማይሳሱላቸውን አምስት ካሴቶች ብቻ ይላኩ፤ ድምፁ ሳይጣራና ሳይቆረጥ እንደነበረ መቀዳቱን፣ እያንዳንዱ ፋይልም ቼክሰም (ፋይሉ አለመለወጡን ለማረጋገጥ ከይዘቱ የሚሰላ ቁጥር) ይዞ መምጣቱን ያረጋግጡ።

የመጀመሪያው ጥያቄዎ ትንሽ ይሁን። ለሙሉ ስብስቡ ከማመልከት ይልቅ ለ20 ቅጂዎች ሙከራ ይጠይቁ፤ የሙከራው ውጤት ለሚቀጥለው ማመልከቻ ማስረጃ ይሆናል። በበጀቱ ውስጥም ፕሮጀክቱ ካለቀ በኋላ የሃርድ ዲስክ መተኪያ ከየት እንደሚመጣ ይጻፉ።

መልሱ እስኪመጣ ድረስ ካሴቶቹን ከሙቀት፣ ከእርጥበትና ከአቧራ አርቀው ቀጥ አድርገው ያቁሟቸው። ሲጫወት የሚንጫጫና በሄዱ ላይ ቡናማ ዝቃጭ የሚተው ቴፕ ካጋጠመዎት ወዲያውኑ አቁመው ለባለሙያ ያቆዩት። በእያንዳንዱ ካሴት ጀርባ ጫፍና ጫፍ ያሉትን ሁለት ትናንሽ የፕላስቲክ ክዳኖች ይስበሩ፤ ከዚያ በኋላ ማንም ሰው በስሕተት የመቅጃውን ቁልፍ ተጭኖ በላዩ ላይ ሌላ ድምፅ ሊቀዳበት አይችልም።