የዋይፋይ ቁልፍ ላይ የሚሠሩ ስህተቶች

ደሴም ሆነ ኮምቦልቻ፣ ግቢ አካባቢ በተማሪ ኪራይ ቤቶች የሚዘወተረው የከፋ ስህተት ስልክ ቁጥርን የይለፍ ቃል ማድረግ ነው። ደብሊውፒኤ2 (WPA2፣ ዋይፋይን የሚቆልፈው የደኅንነት ሥርዓት) ቢያንስ 8 ምልክት ይጠይቃል፤ ስልክ ቁጥር 10 አሃዝ ስለሆነ ራውተሩ ዝም ብሎ ይቀበለዋል። መነሻው በአብዛኛው 09 መሆኑን ግን ማንም ያውቃል። የሚቀረው 8 አሃዝ፣ ማለትም 100 ሚሊዮን ግምት ነው። የይለፍ ቃል ሰባሪው ራውተሩን ደጋግሞ አያንኳኳም፤ አንድ ስልክ ሲገናኝ የሚለዋወጡትን አራት መልእክቶች ቀድቶ ቤቱ ሄዶ ይሞክራል። ደብሊውፒኤ2 እያንዳንዱን ግምት ከኔትወርኩ ስም ጋር 4,096 ዙር ስለሚያሽከረክረው ያዘገየዋል እንጂ አያቆመውም። የግራፊክስ ካርዱ በሰከንድ 200,000 ቢሞክር ሁሉም በ500 ሰከንድ ያልቃል፤ ቡናው ተቆልቶ አቦሉ ሳይቀዳ ማለት ነው።

ይልቅ ዝምድና የሌላቸው አምስት ቃላት በዕጣ አውጡና በላቲን ፊደል ጻፏቸው፤ ከ63 ምልክት አይለፉ። የሚታወቅ የዘፈን ግጥም አይሁን፣ ሰባሪውም ይሰማዋል።

የኔትወርኩን ስም መደበቅ ከንቱ ድካም ነው፤ ስልኩ ሲገናኝ ስሙን በግልጽ ይጠራዋል። በማክ አድራሻ (በእያንዳንዱ መሣሪያ መለያ ቁጥር) ማጣራትም ያው ነው፤ አድራሻው ሳይመሰጠር በአየር ስለሚሄድ ቀድቶ መልበስ ይቻላል።

ደብሊውፒኤስን (WPS፣ በይለፍ ቃል ፈንታ በፒን የሚያገናኘውን የራውተር አገልግሎት) ክፍት መተው ደግሞ ጠንካራውን የይለፍ ቃል ዋጋ ያሳጣዋል። የፒኑ 8 አሃዝ ብዙ ይመስላል። ራውተሩ ግን የመጀመሪያዎቹ 4 ትክክል መሆናቸውን ለብቻ ያሳብቃል፤ የመጨረሻው አሃዝ ከሌሎቹ የሚሰላ ማረጋገጫ ነው። ስለዚህ 10,000 እና 1,000፣ በድምሩ 11,000 ሙከራ ይበቃል። ይህ ከ2011 ጀምሮ የታወቀ ስለሆነ አጥፉት።

«ለአሮጌ ስልክ ይስማማል» ብሎ ቲኬአይፒን (TKIP፣ አሮጌውን የዋይፋይ ምስጠራ) መምረጥም አያዋጣም። ደኅንነቱ ከመላላቱ በላይ ፍጥነቱን ወደ 54 ሜጋቢት ይጎትተዋል፤ ብዙ ሰው ይህን የኢንተርኔት መንቀራፈፍ አድርጎ ያማርራል። ኤኢኤስ (AES፣ ጠንካራው ምስጠራ) ያለበትን ምረጡ።

በመጨረሻ፣ ፒያሳ ካፌ ግድግዳ ላይ የተለጠፈ የይለፍ ቃል ደንበኞችን እርስ በርስ አይከላከልም። በደብሊውፒኤ2 ቃሉን የሚያውቅና የሌላው ስልክ ሲገናኝ የቀዳ ሰው ፓኬቶቹን (የሚላኩትን የመረጃ ቁርጥራጮች) ይፈታል፤ የሚያድነው የድረ ገጹ የራሱ ምስጠራ፣ ኤችቲቲፒኤስ (HTTPS) ነው። ተተኪው ደብሊውፒኤ3 ይህን ቀዳዳ ይደፍናል፣ ራውተሩ ካለው አብሩት።