የተወገዘ ዘፈን እንዴት ይደመጣል? በ«ጄረሚ» እንሞክረው

«ይሄ ዘፈን ልጆቻችንን አበላሸ» የሚል ነገር አይታችሁ ሼር ከማድረጋችሁ በፊት ቆም በሉ። የአሜሪካውን የሮክ ባንድ የፐርል ጃምን «ጄረሚ» ይዘን እንሞክረው። በጣም ከምወዳቸው የሮክ ዘፈኖች አንዱ ነው፤ ሰው «የክፍል ጓደኞቹን ስለ ጨረሰ ተማሪ ነው» ብሎ ያለ ስሙ ስም ሲሰጠው ያመኛል።

መጀመሪያ ቪዲዮውን ተዉትና ዘፈኑን ብቻ ስሙ። መግቢያው ላይ የምትሰሙት የባንዱ ቤዝ ተጫዋች ጄፍ አመንት በ12 ክር ቤዝ ጊታር የሚጫወተውን ነው። ከዚያ ግጥሙን አውጥታችሁ አንብቡ። እቤት ዞር ብሎ የሚያየው ያጣ ልጅ ነው። ትምህርት ቤትም ይተነኩሱታል፣ የሚተርክልን ሰው ራሱ ከተንኳሾቹ አንዱ ነው። ይህን ሳታዩ አትለፉ።

ቀጥሎ ታሪኩ ከየት እንደመጣ ፈልጉ። ግጥሙን የጻፈው የባንዱ ዘፋኝ ኤዲ ቬደር የተነሳው ጋዜጣ ላይ ካነበባት አጭር ዜና ነው። እ.ኤ.አ. በጥር 1991 ቴክሳስ፣ ሪቻርድሰን ውስጥ አንድ የ15 ዓመት ተማሪ በክፍል ጓደኞቹ ፊት ራሱን አጠፋ። ሌላ ማንንም አልነካም። ይህችን ያዙልኝ።

አሁን ወደ ቪዲዮው። ማርክ ፔሊንግተን የሠራው የ1992 ቪዲዮ ነው። መጨረሻውን ድምፁን ዘግታችሁ ደግማችሁ እዩት። ልጁ ወደ ክፍል ይገባል፣ ለአስተማሪዋ ፖም ይወረውርላታል፣ ከተማሪዎቹ ፊት ይቆማል። ሽጉጡን ወደ ራሱ ሲያዞር የሚያሳየውን የሙዚቃ ቴሌቪዥን ጣቢያው ኤምቲቪ ስላልፈቀደ፣ በቴሌቪዥን የታየው ፊቱ ብቻ ነው። ዓይኑን ይጨፍናል። ከዚያ ሸሚዛቸው ላይ ደም የተረጨባቸው፣ ባሉበት ደርቀው የቀሩ ልጆች። ታዲያ ተመልካቹ ምን ይበል? ብዙ ሰው «ክፍሉን ጨረሳቸው» ብሎ ደመደመ። ደሙ ግን የራሱ የልጁ ነው።

በ1993 ቪዲዮው አራት የኤምቲቪ ሽልማት ወሰደ፤ በ1996 ደግሞ ዋሽንግተን ግዛት፣ ሞዝስ ሌክ ውስጥ አንድ ተማሪ ትምህርት ቤት ገብቶ ሰው ሲገድል፣ የቪዲዮው ስም ከጉዳዩ ጋር ተነሳ። እኔ ለተሳሳተው ትርጉም የምወቅሰው የኤምቲቪን ቆረጣ ነው። ቡድኑ ያልተቆረጠውን በ2020 በይፋ ስለለቀቀው ሁለቱን ጎን ለጎን አድርጋችሁ አስተያዩ።

ከልጃችሁ ጋር ከሆነ ያልተቆረጠውን ተዉት፣ ከባድ ነው። ዘፈኑን አብራችሁ ስሙና ሲያልቅ ስለ ሙዚቃው ሳይሆን ስለ ክፍሉ ጠይቁት፤ በእረፍት ሰዓት ብቻውን የሚቀመጠው ማን እንደሆነ።