ጅማ ላይ የመጀመሪያ ኮምፒውተራችሁን ለምትገጣጥሙ

ባጀታችሁ ጠበብ ካለ ግራፊክስ ካርዱን (ምስል ወደ ስክሪን የሚያወጣውን ክፍል) ለጊዜው ተዉት። እንደ ኤኤምዲ ራይዘን 5 5600ጂ ያለ፣ ግራፊክስ አብሮት የተሠራ ፕሮሰሰር (የኮምፒውተሩ ዋና ቺፕ) ለትምህርትም ለቀላል ጌምም ይበቃል። ስሙ በ«ኤፍ» የሚያልቅ የኢንቴል ፕሮሰሰር ግን ያለ ካርድ ስክሪን ላይ ምንም አያሳይም፤ በርካሽ ስታገኙት እንዳትሸወዱ።

ራም (ኮምፒውተሩ ሲሠራ የሚጠቀምበት ጊዜያዊ ማህደረ ትውስታ) ባለ 16 ጊጋ አንድ ፍሬ ከመግዛት ባለ 8 ጊጋ ሁለት ፍሬ ግዙ። ግራፊክሱ የሚጠቀመው ያንኑ ራም ስለሆነ በሁለት መስመር ሲሠራ ጌም ላይ ልዩነቱ በደንብ ይታያል። ማዘርቦርዱ (ሁሉም ክፍሎች የሚሰኩበት ሰሌዳ) አራት የራም ማስገቢያ ካለው፣ አብዛኛውን ጊዜ ከፕሮሰሰሩ በኩል ስትቆጥሩ 2ኛውና 4ኛው ላይ ቀጭ እስኪል ሰኩት። ፋኑ እየዞረ ስክሪኑ ከጠቆረ መጀመሪያ ራሙን ነቅላችሁ መልሳችሁ ሰኩት።

ማዘርቦርዱ ቢ450 የሚባለው ዓይነት ከሆነ ባዮሱ (ኮምፒውተሩን የሚያስነሳው፣ ማዘርቦርዱ ላይ ያለው ፕሮግራም) ለ5600ጂ መታደሱን ሳታረጋግጡ አትክፈሉ፤ ካልታደሰ አይነሳም።

ዕቃው ከአዲስ አበባ በአውቶቡስ የሚመጣ ከሆነ ፕሮሰሰሩ ከፕላስቲክ ማቀፊያው አይውጣ፤ ከሥሩ ያሉት ቀጫጭን እግሮች በቀላሉ ይጣመማሉ።

ፓወር ሰፕላይ (ለክፍሎቹ ኤሌክትሪክ የሚሰጠው ሳጥን) ላይ ግን እባካችሁ አትሰስቱ። ከኬዝ (ክፍሎቹ ከሚገቡበት የውጭ ሳጥን) ጋር ተደርቦ የሚሸጠውን ትታችሁ የታወቀ ብራንድ፣ 450 ዋት ግዙ። መብራት ሲጠፋ ሶኬቱን ንቀሉ፤ ሲመለስ ጥቂት ደቂቃ ጠብቃችሁ ሰኩ።