ተመልሶ የሚዘጋ ፖርት፦ የስፓኒንግ ትሪ ጥበቃዎች ችግርና መፍትሄ

ምልክቱ ይህ ነው፦ የአንድ ሠራተኛ ኔትወርክ ይቋረጣል፤ በሲስኮ ስዊች ላይ ፖርቱ «ኤር-ዲሴብልድ» (በስህተት ምክንያት የተዘጋ) ሆኖ ይታያል። ባለሙያው ዘግቶ ሲከፍተው ወዲያው ተመልሶ ይዘጋል።

ምክንያቱ ብዙ ጊዜ ቢፒዲዩ ጋርድ፣ ማለትም ቢፒዲዩ የመጣበትን ፖርት የሚዘጋው ጥበቃ ነው። ቢፒዲዩ፣ ስፓኒንግ ትሪ በሚባለው ዙርን (መረጃ በስዊቾች መካከል እየተሽከረከረ መቅረቱን) በሚከላከል አሠራር፣ ስዊቾች በየ2 ሰከንዱ የሚላላኩት መልእክት ነው፤ ተራ ኮምፒውተር አይልከውም። በሠራተኛ ፖርት ላይ ከመጣ ወይ ሌላ ስዊች ተሰክቷል፣ ወይ ገመድ ዞሮ ስዊቹ የራሱን መልእክት ተቀብሏል። እኔን ደጋግሞ የሚያስጠራኝ ሁለተኛው ነው።

አንድ የሂሳብ ክፍል ውስጥ ጠረጴዛ ሥር ገብቼ ያገኘሁት አቧራ የለበሰች ባለአምስት ፖርት ርካሽ ስዊች ነበረች። የአንድ ሰማያዊ ገመድ ሁለቱም ጫፎች እርሷው ላይ ተሰክተዋል። «ጽዳት ሲደረግ ወድቆ አይቼ መለስኩት፤ ምን አጠፋሁ?» አሉኝ የክፍሉ ሠራተኛ። እርሳቸው ምንም አላጠፉም። ጥፋቱ ትርፍ ገመድ መሬት ላይ ጥሎ የሄደው ባለሙያ ነው።

የባሰው ግን ከእኔ በፊት የተጠራው ሰው የሠራው ነው። ፖርቱ መዘጋቱ ስላስቸገረው ቢፒዲዩ ፊልተር (ቢፒዲዩን የሚያግድ ቅንብር) አብርቶበት ሄደ። ፊልተር ፖርቱ ላይ በቀጥታ ሲበራ ስዊቹ ቢፒዲዩ አይልክም፣ የመጣውንም አይቀበልም፤ ስለዚህ ጋርዱ የሚያየው ነገር አይኖርም። የኤተርኔት ፍሬም (በኔትወርኩ የሚጓዘው የመረጃ ጥቅል) ደግሞ ዕድሜውን የሚቆጥርበት ነገር ስለሌለው አንዴ መዞር ከጀመረ አያቆምም። ስደርስ የፎቁ ስዊች መብራቶች በሙሉ አንድ ላይ ይርገበገቡ ነበር፤ ኮንሶሉ ላይ የጻፍኩት ፊደል እንኳ ዘግይቶ ነው የሚታየው። ሰማያዊውን ገመድ ስነቅለው ሁሉም ጸጥ አለ። የአንድ ሰው መቋረጥ የፎቁ ሁሉ መቋረጥ የሆነው በዚያች አንዲት ትእዛዝ ነው። እባካችሁ ይህን አታድርጉ!

መፍትሄው፦ መጀመሪያ ገመዱን ፈልጋችሁ ንቀሉ፣ ከዚያ ፊልተር ካለ አጥፉ፣ በመጨረሻ ፖርቱን ዘግታችሁ ክፈቱ። ፖርቱ በራሱ እንዲከፈት ማዘዝ ይቻላል፤ ካልተቀየረ በ300 ሰከንድ ይሞክራል። ዙሩ ካልተነቀለ ግን በየአምስት ደቂቃው ሲከፈትና ሲዘጋ ይውላል።

አንዳንድ ርካሽ ስዊቾች ቢፒዲዩን ውጠው ያስቀራሉ። ያኔ ጋርዱ ዙሩን አያይም፤ ስለዚህ በየሠራተኛው ፖርት ላይ ስቶርም ኮንትሮልም (ከልክ ያለፈ ትራፊክን የሚገታ ጥበቃ) ይኑር። ተጨማሪ መስመር ለሚፈልግ ሠራተኛ ከዋናው ስዊች ገመድ ይዘርጋለት እንጂ ጠረጴዛ ሥር ስዊች አይቀመጥ።

«ሩት ኢንኮንሲስተንት» የሚል ካያችሁ፣ ከታች የተሰካ ስዊች ሩት (የስፓኒንግ ትሪ መሪ ስዊች) ልሁን ብሎ በሩት ጋርድ ታግዷል። ሩት የሚሆነው ትንሹ ፕራዮሪቲ (የቅድሚያ ቁጥር) ያለው ነው፤ የሁሉም 32768 ሆኖ ከተተወ ትንሹ የማክ አድራሻ (የስዊቹ መለያ ቁጥር) ያሸንፋል፤ ይህ ደግሞ ብዙ ጊዜ ከመጋዘን የወጣው አሮጌው ስዊች ነው። የዋናውን ፕራዮሪቲ 4096 አድርጉት፣ የአሮጌውንም አስተካክሉ፤ ፖርቱ በራሱ ይከፈታል።

«ሉፕ ኢንኮንሲስተንት» ከሆነ ይመጣ የነበረው ቢፒዲዩ ስለቆመ ሉፕ ጋርድ ፖርቱን አግዶታል፤ ከሁለቱ የፋይበር ክሮች አንዱ መበላሸቱን ፈትሹ።