ከኮሮና ካገገማችሁ በኋላ ወደ ሰው እንዴት ትመለሳላችሁ?

ባለፈው ዓመት ኮሮና ያዘኝ። ቅዳሜ ጉሮሮዬን ከረከረኝ፤ እሑድ ትኩሳትና ቁርጥማት ተከተለ። አርብ ዕለት ትኩሳቱ ለቀቀኝ። ገላዬን ታጠብኩ፣ ሽሮ በላሁ፣ ሰው መሰልኩ። የዚያን ቀን ማታ እናቴ ደወለች። «እሑድ ማኅበር እኔ ቤት ነው። ድነሃል አይደል? ና እንጂ» አለችኝ።

እናቴ 74 ዓመቷ ነው። ስኳር አለባት። ማኅበርተኞቿም አብዛኞቹ እኩዮቿ ናቸው፤ አንዷ ኩላሊቷን ያማታል። «እሺ» የሚለው ቃል አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ቀኑን ስቆጥር ግን እሑድ ገና ስምንተኛ ቀኔ ነው። «የሚቀጥለው እሑድ እመጣለሁ» አልኳት። ቅር አላት። እኔም ከፋኝ።

እንዲህ ያለ ስልክ ለሚደወልላችሁ ነው ይህን የምጽፈው። የዓለም ጤና ድርጅት የኮሮናን የአስቸኳይ ጊዜ ደረጃ ያነሳው ሚያዝያ 27 ቀን 2015 ዓ.ም. ነው። ቫይረሱ ግን አብሮን ቀርቷል። ዛሬ የሚመረመረው ሰው ጥቂት ነው፤ ብዙዎቻችን «ጉንፋን ነው» ብለን እናልፈዋለን። ስለዚህ ተመርምራችሁ ያወቃችሁም፣ ሳትመረመሩ የጠረጠራችሁም ብትሆኑ አካሄዱ አንድ ነው።

መጀመሪያ ቀን ቁጠሩ

ቆጠራው የሚጀምረው ምልክቱ ከታየበት ቀን ነው። ያ ቀን ዜሮ ነው። ሰኞ ሳል ከጀመራችሁ ማክሰኞ 1ኛ ቀን፣ ቅዳሜ 5ኛ ቀን፣ የሚቀጥለው ሳምንት ሐሙስ 10ኛ ቀን ይሆናል። ምልክት ሳይኖራችሁ በምርመራ ብቻ ካወቃችሁ የተመረመራችሁበትን ቀን ዜሮ አድርጉት። በስልካችሁ ላይ ጻፉት። ታሞ የተኛ ሰው ቀን ይጠፋበታል።

ሰው በኮሮና ሌላውን የሚያሲዘው ምልክት ከማየቱ አንድ ወይም ሁለት ቀን ቀድሞ ጀምሮ ነው። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ይበረታል፤ ከዚያ እየቀነሰ ይሄዳል። አብዛኛው ሰው ከ10ኛው ቀን በኋላ አያስተላልፍም። የዓለም ጤና ድርጅት በጥር 2015 ባወጣው መመሪያ ምልክት ያለው ሰው ካልተመረመረ 10 ቀን፣ ምልክት የሌለው 5 ቀን ራሱን እንዲለይ መክሯል። የአሜሪካው የበሽታ መቆጣጠሪያ ማዕከል ደግሞ በየካቲት 2016 ላላ አደረገው፦ ትኩሳቱ ያለ መድኃኒት ከጠፋና ሕመሙ በአጠቃላይ ከተሻለ 24 ሰዓት ከሞላ መውጣት ይቻላል፤ ቀጥሎ ላሉት 5 ቀናት ግን ማስክና ጥንቃቄ ያስፈልጋል።

ሁለቱን አስታርቄ የምኖረው እንዲህ ነው። ትኩሳቱ ጠፍቶ አንድ ሙሉ ቀን ካለፈ ለግድ ጉዳይ በማስክ እወጣለሁ። እስከ 10ኛው ቀን ግን ከሰው ጋር ማዕድ አልቀርብም። «ያለ መድኃኒት» የሚለውን ልብ በሉ። ፓራሲታሞል ውጦ «ትኩሳት የለኝም» ማለት አይሠራም። ዳማከሴም ነጭ ሽንኩርትም እፎይ ያሰኛሉ፤ ለሌላው እንዳይተላለፍ ግን አያግዱም።

ፈጣን ምርመራ ካገኛችሁ ጥሩ ነው። በ48 ሰዓት ልዩነት ሁለቴ ኔጋቲቭ ማየት ልብ ያሳርፋል። ለመውጣት ብላችሁ በላቦራቶሪ የሚሠራውን ፒሲአር የተባለ ምርመራ አትመርመሩ። የሞተውን ቫይረስ ቁርጥራጭ ጭምር ስለሚያገኝ ከዳናችሁ ከሳምንታት በኋላም ፖዘቲቭ ሊል ይችላል።

በካንሰር ሕክምና ላይ ላሉ፣ የሰውነት አካል ለተተካላቸው ወይም መከላከያን የሚያዳክም መድኃኒት ለሚወስዱ ሰዎች 10 ቀን አይበቃም። ቫይረሱ ሰውነታቸው ውስጥ ብዙ ሳምንት ሊቆይ ስለሚችል ሐኪማቸው ይወስንላቸው።

ያገኛችሁትን መከላከያ በልኩ እወቁት

«አንዴ ይዞኛል፣ ከእንግዲህ አይነካኝም» የሚል ሰው በየቤቱ አለ። ግማሹ እውነት ነው።

ሰውነታችን ቫይረሱን ሲታገል ሁለት ዓይነት ጥበቃ ያደራጃል። አንደኛው ፀረ እንግዳ አካል የሚባለው ነው። ቫይረሱ ሴል ውስጥ ሳይገባ ይይዘዋል። እንደ በር ዘበኛ ቁጠሩት። ሁለተኛው ቲ ሴልን የመሰሉ ነጭ የደም ሴሎች ናቸው። ቫይረሱ በሩን አልፎ ከገባ የተያዙትን ሴሎች ያጠፋሉ፤ ጠላታቸውንም ያስታውሳሉ። የበሩ ዘበኛ በወራት ውስጥ ይደክማል። ጓዳ ያሉት ረጅም ጊዜ ነቅተው ይቆያሉ።

በየካቲት 2015 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት ላይ የወጣ ሥራ ከ19 አገራት 65 ጥናቶችን አጠቃሎ ይህንኑ በቁጥር አሳይቷል። ከኦሚክሮን በፊት በነበሩ ዝርያዎች ተይዞ የዳነ ሰው ከ40 ሳምንት በኋላ በኦሚክሮን ዳግም እንዳይያዝ የነበረው መከላከያ ወደ 36 በመቶ ወርዶ ነበር። በጽኑ እንዳይታመም የሚጠብቀው ግን 89 በመቶ ገደማ ነበር።

እነዚህን ሁለት ቁጥሮች ጎን ለጎን አስቀምጧቸው። ያገኛችሁት መከላከያ እናንተን ከሆስፒታል አልጋ ያርቃል። ዳግም ከመያዝ፣ ቀለል ያለ ጉንፋን መስሎ ይዛችሁት ወደ ሰው ቤት ከመግባት ግን ለረጅም ጊዜ አያግዳችሁም። የእኔ መከላከያ የእኔ ነው፤ ለእናቴ አይተርፍም።

ይህን ችላ ማለት የሚያመጣውን የብራዚሏ ማናውስ አይታዋለች። በ2013 መጀመሪያ ላይ በደም ለጋሾች ላይ የተሠራ ጥናት ከከተማዋ ሕዝብ 76 በመቶው ተይዟል ብሎ ገምቶ ነበር። ብዙ ሰው «አለቀ» አለ። በጥር 2013 ጋማ የተባለው አዲስ ዝርያ ተስፋፋ፤ ቀድሞ የተገኘውም መከላከያ ቀንሶ ነበር። ሆስፒታሎቹ ሞሉ፣ ኦክስጅን አለቀባቸው፣ ሰው በትንፋሽ እጥረት ሞተ።

እኛም ዘንድ በ2014 የገና ሰሞን ምን እንደነበር ታስታውሳላችሁ። ኦሚክሮን ስም ከወጣለት ገና ስድስት ሳምንት ገደማ ነበር። ቤተሰብ ሙሉ አንድ ላይ ይተኛ ነበር። አስቀድመው የተያዙ የማውቃቸው ሰዎችም እንደገና ወደቁ።

ከዳናችሁ በኋላ ባሉት ሁለትና ሦስት ወራት መልሶ መያዝ እምብዛም አይታይም። ይህ ጊዜ ያስደስታል፤ ዘመድ ጥየቃችሁን አስቡበት። ከዚያ ወዲያ ግን አዲስ ሳል በጀመራችሁ ቁጥር ቆጠራውን እንደገና ከዜሮ ጀምሩ።

ጠያቂውን በስልክ ተቀበሉ

የታመመ ሰው ቤት ሳይጠየቅ አይቀርም። ጠያቂ ብርቱካን ይዞ ይመጣል፣ አልጋው ጠርዝ ላይ ይቀመጣል፣ ግንባር ይዳስሳል። ደስ የሚል ባህል ነው፤ በ10ሩ ቀን ውስጥ ግን መልኩ ይቀየር። ሰው ከመምጣቱ በፊት ራሳችሁ ደውሉ። «ኮሮና ነው፤ እስከ ሐሙስ አትምጡ፣ ከዚያ በኋላ እኔ ቡና አፈላላችኋለሁ» በሏቸው። ቀኑን ቁርጥ አድርጎ መንገር ቅያሜን ያቀልላል። አጥሚት ያመጣ ሰው ካለ በር ላይ አስቀምጦ በመስኮት ሰላም ይበላችሁ።

ደግሞ አትደብቁ። ከመታመማችሁ በፊት በነበሩት ሁለት ቀናት አብራችሁ ለበላችሁት ሰው ንገሩት። በመታመም የሚያፍርበት ነገር የለም።

ለሰው ተራ አውጡለት

የምትመለሱበት ቅደም ተከተል ከሁሉ ይበልጣል ባይ ነኝ። መጀመሪያ ጤነኛ ጓደኞቻችሁን ከቤት ውጭ አግኙ፤ መንገድ ላይ እየተራመዳችሁ፣ ወይም ደጅ ወንበር ያለው ካፌ። ቀጥሎ ሥራ ቦታ፣ 10ኛው ቀን ካልሞላ በማስክ። ከዚያ ቤት ውስጥ የሚደረግ ግብዣ። በመጨረሻ አረጋውያን፣ ስኳርና የልብ ወይም የኩላሊት ሕመም ያለባቸው፣ እርጉዞች፣ አራስ ቤት።

እኛ ደግሞ የምናደርገው ተቃራኒውን ነው። ስንድን መጀመሪያ የምንሮጠው እናት ጋ ነው፤ የሚናፍቀን እሷ ናትና። ናፍቆቱን አውቀዋለሁ። ግን እሷ ጋ ከሁሉ አስተማማኙን ቀን ይዛችሁ ሂዱ።

መስኮት ክፈቱ

ኮሮና በዋናነት የሚተላለፈው በአየር ነው። ስንናገር፣ ስንስቅ፣ ስንዘምር ከአፋችን የሚወጡት ደቃቅ ጠብታዎች በተዘጋ ክፍል ውስጥ ተንሳፍፈው ይቆያሉ። ለመረዳት ዕጣን አስቡ። ከጥጉ ተነስቶ ክፍሉን ሁሉ ይሞላል። በሩ ሲከፈት ይሳሳል። ትንፋሽም እንደዚያ ነው፤ ልዩነቱ አለመታየቱ ብቻ ነው።

በአሜሪካ ዋሽንግተን ግዛት፣ ስካጂት በተባለ አካባቢ፣ መጋቢት 1 ቀን 2012 ዓ.ም. 61 ሰዎች ለመዝሙር ልምምድ ተሰበሰቡ። ሁለት ሰዓት ተኩል ቆዩ። አንዱ የጉንፋን ምልክት ነበረው። 53ቱ ታመሙ፣ ሁለቱ ሞቱ። መዘምራን የሆናችሁ ይህን አስቡ፤ 10ኛው ቀን ሳይሞላ ወደ ልምምድ አትመለሱ።

እኛ አገር ትልቁ እንቅፋት «ብርድ ይመታኛል» የሚለው ፍርሃት ነው። ታክሲ ውስጥ አንዱ መስኮት ሲከፍት ሦስት ሰው ይቆጣዋል። ነፋስ ኮሮና አያመጣም፤ ይበትነዋል እንጂ። አረጋውያን እንዳይበርዳቸው ጋቢ ደርቡላቸውና መስኮቱን በትንሹም ቢሆን ክፈቱ። ሁለት መስኮት ወይም መስኮትና በር ትይዩ ሲከፈቱ አየሩ ቶሎ ይለወጣል። ታክሲ ውስጥ በር አጠገብ ወይም መስኮት ሥር ተቀመጡ፤ ማስኩን አፍንጫችሁ ድረስ ሳቡት። ኤን 95 የተባለውን ማስክ ካገኛችሁ ከጨርቁ በጣም ይሻላል።

ማዕድና ሰላምታ

እስከ 10ኛው ቀን በራሳችሁ ሰሃን ብሉ። ጉርሻ ይቆይ። መሳሳምም ይቆይ፤ እጅን ደረት ላይ አድርጎ ዝቅ ማለት ሙሉ ሰላምታ ነው። አንድ ትሪ ላይ ዋናው ችግር እንጀራው አይደለም። ፊት ለፊት ተቀራርቦ፣ ማስክ አውልቆ፣ እያወሩ መቆየቱ ነው። እጅ መታጠብ ግን አይቅር።

ለቅሶ ግን ለሌላ ቀን አይቀጠርም። ያላችሁበት ቀን 10 ካልሞላና ሟቹ የቅርብ ሰው ከሆነ ትኩሳት ከሌላችሁ ማስክ አድርጋችሁ ቀብር ሂዱ፤ ሜዳ ላይ ነው። ድንኳን ውስጥ ከሆነ መጋረጃው በተገለጠበት ዳር ተቀመጡና ቶሎ ውጡ። ትኩሳት ካለባችሁ በስልክ አልቅሱ። የእድር ሰዎች ምክንያቱን ከሰሙ ይረዳሉ።

ሰውነታችሁን ስሙት

ከሰው ጋር መዋል ያደክማል። የመጀመሪያው ቀን አንድ ቦታ ብቻ ሂዱ። በማግስቱ አልጋ ላይ ከጣላችሁ ለአንድ ሳምንት መውጣቱን ቀንሱ። ስፖርት የምትሠሩ በእርምጃ ጀምሩ፤ ደረት ሕመም፣ የልብ መዝለል ወይም የትንፋሽ ማጠር ካለ አቁማችሁ ሐኪም ጋ ሂዱ። ድካሙ ወይም የሐሳብ መበታተኑ ከያዛችሁ ሦስት ወር ካለፈ በኋላም ካልለቀቃችሁ ዝም ብላችሁ አትሸከሙት። የታወቀ ሕመም ነው፤ ሐኪም ይስማው።

አንዳንዱ ሰው ከተሻለው በኋላ በቀናት ውስጥ ምልክቱ ይመለስበታል። ያን ጊዜ ማስኩን መልሱ፣ ቤት ሁኑ፣ ትኩሳቱ እንደገና እስኪጠፋ ጠብቁ። ክትባትን በተመለከተ፣ የተያዘም ሰው ቢከተብ የሁለቱ ድምር ከአንዱ ብቻ የበለጠ ይከላከላል። በተለይ አረጋውያን በአካባቢያችሁ ክትባቱ ካለ ጤና ጣቢያ ጠይቁላቸው።

እናቴ ጋ የሄድኩት በ15ኛው ቀኔ ነው። ማኅበርተኞቹ አልነበሩም፤ እሷና እኔ ብቻ ነበርን። ረከቦቱን በረንዳ ላይ አወጣሁላት። ጋቢዋን ደርባ ተቀመጠች። ሦስተኛውን ስኒ ስትቀዳልኝ «ባለፈው ብትመጣ ኖሮ አዛለች ታማብኝ ነበር» አለች፤ ኩላሊቷን የሚያማትን ጓደኛዋን ማለቷ ነው። ከዚያ እንጀራውን ጠቅልላ አጎረሰችኝ።